በሙቅ አላጥብ ያለው ማሽን

ውብነሽ መጀመሪያ ያወቀችው በአፍንጫዋ ነው። ከማድረቂያው ያወጣችውን አንሶላ አጣጥፋ ቁም ሳጥን ውስጥ ልታስገባ ስትል ሽታው መጣባት። አንሶላው ታጥቧል፣ ደርቋል፣ የሳሙናው መዓዛም አለ፤ ከመዓዛው ሥር ግን የሽንቱ ሽታ እንዳለ ነው። ፊቷ ላይ አድርጋ ደግማ አሸተተችው። ከዚያ ያጣጠፈችውን ሁሉ መልሳ ቅርጫት ውስጥ ከታ ቤቱ ሥር ወዳለው ቤዝመንት ወረደች።

አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ያለውን ቤት ከባሏ ከገብረየስ ጋር የገዙት ልጃቸው ትርሲት ገና ዳዴ ስትል ነው። ግራና ቀኙን ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ፣ ጠበብ ብሎ ወደ ላይ የወጣ ቤት ነው። ትርሲት አድጋ፣ ሥራ ይዛ፣ ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ አፓርትመንት ተከራይታ ወጥታለች። ቤቱ ውስጥ የቀሩት ሁለቱ ናቸው። ልብስ ማጠቢያው ታች ቤዝመንቱ ውስጥ ነው፤ ከጎኑ በስስ ግድግዳ የተለየች ጠባብ ክፍል አለች፤ የውሃ ማሞቂያው በርሜል የቆመው እዚያ ነው።

አንሶላውን ማሽኑ ውስጥ ከተተች፣ በረኪና ጨመረች፣ ማዞሪያውን ሆት ላይ አደረገች። ማሽኑ አቃሰተ። ውሃው እንደ ወትሮው በመንዶልዶል ፈንታ ክር እየሆነ ይንጠባጠብ ጀመር፤ ጥቂት ቆይቶ መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ቀጥ አለ። ለብ ወዳለው፣ ወደ ዋርም አዞረችው። አሁን ውሃው መጣ። ክዳኑን ከፍታ እጇን ብትሰድ ቅዝቃዜው አጥንቷን ዘለቃት። በሞቀ ውሃ እያጠበች የመሰላት ሁሉ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እንጃ፣ በክረምት ውሃ ሲለቀለቅ ኖሯል ማለት ነው።

ገብረየስ ቅጠል ከረገፈ ወዲህ አልጋው ላይ መሽናት ጀምሯል። ውብነሽ ለዚህ ስም አውጥታለታለች፤ ፕሮስቴት። የወንድ በሽታ ነው፣ ዕድሜ ያመጣው ነው፣ ለሰው ቢነገርም አያሳፍርም። ለሰው ግን አልተናገረችም፤ ለትርሲትም ቢሆን። ጠዋት ጠዋት እሱ ገላውን ሲታጠብ አንሶላውን ገፍፋ ትወርዳለች፤ ሲወጣ አልጋው ተነጥፎ ይጠብቀዋል፤ ሁለቱም ስለ ነገሩ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ቁርስ ይበላሉ። ይህ ሁሉ ሊሆን የሚችለው ግን አንሶላው ሲታጠብ የእውነት ከጠዳ ነው።

የማሽኑን ነገር መጀመሪያ የነገረችው ለራሱ ለገብረየስ ነበር። ለማን ትነግረዋለች ታዲያ። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድ ትልቅ ሆቴል በጥገና ክፍል የሠራ ሰው ነው። ውሃ የሚያሞቀው ቦይለር፣ ቧንቧው፣ አልከፈት ያለው በር፣ ሁሉም የእሱ ነበር። ይህ ቤት ውስጥ የሚንጠባጠብ ቧንቧ ታይቶ አይታወቅም። የቤዝመንቱን ቧንቧ በሙሉ በገዛ እጁ ነው የቀየረው።

«ገብሬ፣ ማሽኑ ሙቅ ውሃ እምቢ አለኝ። እስቲ ወርደህ እየው» አለችው።

«እሺ» ብሎ ተነሣ። ቆየ። ሲመለስ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ነበር፤ ልክ እንደ ድሮው።

«አስተካክዬዋለሁ።»

ወርዳ ሞከረችው። ያው ቀዝቃዛ ነው። ተመልሳ ወጥታ ምንም አላለችውም። ሶፋው ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ ሥራ እንደ ጨረሰ ሰው ደስ ብሎት ነበር፤ ያንን ፊት ለማጥፋት አንጀቷ አልቻለም።

ለትርሲት ደወለች።

«ማሚ፣ ያ ማሽን ኦልድ እኮ ነው። ጀስት አዲስ ግዙ።»

«ደህና የሚሠራ ማሽን ለምን ይጣላል?»

«አይሠራም እያልሽኝ ነው እኮ።»

«ሙቁ ነው እንጂ እምቢ ያለው፣ ሌላውማ ደህና ነው።»

«እንደዚያ ከሆነ በኮልድ እጠቢ። ኤቭሪባዲ አሁን በኮልድ ነው የሚያጥበው። ለልብሱም ይሻላል። ሆት ለምን ፈለግሽ?»

«ለፎጣ ነው» አለች ውብነሽ። ትርሲት አንድ ቪዲዮ ላከችላት።

ቪዲዮው ላይ ያለው ፂማም ሰውዬ ረጋ ብሎ ያስረዳል። መጀመሪያ የኩሽናው ቧንቧ ሙቅ ውሃ እንደሚያወርድ እዩ ይላል። የኩሽናው ቧንቧ ጭስ የሚያወጣ ውሃ ነው የሚያወርደው፤ ስለዚህ ማሞቂያው ደህና ነው። ከማሽኑ ጀርባ ቀይና ሰማያዊ ጎማዎች ተለዋውጠው ተገጥመው እንዳይሆን እዩ ይላል። አልተለዋወጡም። ጎማዎቹ የተሰኩባቸው ቧንቧዎች ተዘግተው እንዳይሆን ይላል። በስልኳ መብራት እያየች፣ በማሽኑና በግድግዳው መሀል ክንዷን አሹልካ ልታዞራቸው ሞከረች፤ ሁለቱም ዝገው ንቅንቅ አይሉም። ከዚያ በኋላ ሰውዬው ማሽኑን ፈትቶ ስለ ኤሌክትሪክ ማውራት ሲጀምር ስልኩን ዘጋችው። ክንዷ ተልጧል። ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ፣ ለማሽን ብዬ ላለቅስ ነው እንዴ አለች በልቧ፤ አለቀሰችም።

ፍሰሐ ላንግሊ ፓርክ የሚኖር፣ በአንድ ነጭ ቫን እየዞረ ማጠቢያና ማድረቂያ የሚጠግን ልጅ ነው። ልጅ ትለዋለች እንጂ የሁለት ልጆች አባት ነው፤ የሚተዋወቁት በቤተ ክርስቲያን ነው። ቅዳሜ ከሰዓት መጣ። ገብረየስ በሩ ላይ ተቀበለው፣ ጃኬቱን ተቀበለው፣ ልጆቹን ጠየቀው፣ ሚስቱን ጠየቀው፣ የመንገዱን ብርድ አነሣለት። ፍሰሐ ወደ ታች እየወረደ፣

«ጋሽ ገብረየስ መቼም አይለወጡም» አላት።

ውብነሽ ይህን ስትሰማ ደረቷ ላይ ተጭኖ የከረመ ነገር የወረደላት መሰላት። እውነትም አይለወጥም። ያየው ሰው ሁሉ ይህን ነው የሚለው።

ፍሰሐ ማሽኑን ጎትቶ አወጣ። የዛጉትን ቧንቧዎች ነክቶ ራሱን ነቀነቀና ወደ ማሞቂያው ክፍል ገብቶ ውሃውን ከዚያ ዘጋ። ጎማዎቹን ፈታ። በሙቁ በኩል ያለችው ትንሽ ወንፊት በአሸዋና በዝገት ተደፍናለች፤ አሳያት። «አዩት እትዬ ውብነሽ፣ በዚህ ምን ውሃ ያልፋል።» ወንፊቷ የምትቀመጥበትን ዕቃም ጨምሮ ቀየረው። መልሶ ገጠመ፣ ውሃውን ለቀቀ፣ ማዞሪያውን ሆት ላይ አደረገ። ውሃው እየተንዶለዶለ ገባ፤ የክዳኑ መስታወት በእንፋሎት ጉም ለበሰ። ውብነሽ እጇን ሰድዳ በቶሎ መለሰችው። አቃጥሏታል። ፍሰሐን ግንባሩን ሳመችው።

የዚያን ዕለት ያልታጠበ ነገር አልቀረም። አንሶላውን፣ የትራስ ልብሱን፣ ፍራሹ ላይ የሚደረገውን ሁሉ አውጥታ እያፈራረቀች አጠበች። ቤቱ በረኪና በረኪና ሸተተ። ሽታው ደስ አላት።

ደስታው ግን ከዚያ ሳምንት አላለፈም። አንድ ጠዋት ማሽኑ እንደገና አቃሰተ፣ ክር የመሰለ ውሃ አንጠባጠበ፣ መብራቱን እያብለጨለጨ ቆመ። ውብነሽ ለሥራ ረፍዶባት ነበር። የእርጥቡ አንሶላ ክምር እግሯ ሥር ነው። ፍሰሐ ስልኩን እንዳነሣ ሰላምም አላለችውም።

«ሰው ብዬ ቤቴ አስገባሁህ። አሮጌ ዕቃ ነው የገጠምክልኝ።»

«እትዬ ውብነሽ፣ አዲስ ነው እኮ፣ እርስዎ ፊት ነው ካርቶኑን የከፈትኩት።»

«አዲስ ከሆነ ለምን አይሠራም? ለማያውቁህ አድርገው እንጂ እንዲህ ያለውን።»

«ማታ ከሥራ ስወጣ እመጣለሁ» አላት ልጁ። ስልኩን ስትዘጋ እፍረቱ መጣባት፤ መልሳ ግን አልደወለችም።

ሲመጣ ፊቱ ላይ ቅሬታ ነበር፤ ገብረየስን ግን እንደ ወትሮው ጎንበስ ብሎ ሰላም አለው። ወርዶ ማሽኑን ፈተሸ። የኤሌክትሪክ መለኪያውን አወጣ፤ እሱ የገጠመው ዕቃ ደህና ነው። ቀዩን ጎማ በእጁ ጨበጠው። ቀዝቃዛ ነው። ጥቂት አሰበና ወደ ማሞቂያው ክፍል ገባ። ቆየት ብሎ ከውስጥ ጠራት።

ከማሞቂያው በላይ ቧንቧው ላይ ቀይ እጄታ አለ። ከቧንቧው ጋር ተጋድሞ ሲታይ ክፍት ነው ማለት ነው፤ አቋርጦት ሲቆም ዝግ። አቋርጦት ቆሟል።

«ይህቺ ወደ ማሽኑ ብቻ የምትሄደዋን ሙቅ ውሃ ነው የምትዘጋው» አለ ፍሰሐ። «ማነው የዘጋት እትዬ?»

«እኔ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩንም አላውቅ።»

ፍሰሐ እጄታውን ይዞ አልለቀቀም። «ባለፈውም ዝግ ሆና ነው ያገኘኋት። ቀዝቃዛውን ነው እኔ የዘጋሁት። ጋሽ ገብረየስ ባለሙያ ስለሆኑ፣ እንደምመጣ አውቀው አስቀድመው የዘጉልኝ መስሎኝ ነበር። ስጨርስ ሁለቱንም ከፈትኩ።»

ከራሳቸው በላይ ወለሉ ላይ ኮቴ ይሰማል። ገብረየስ ከሳሎን ወደ ኩሽና እየሄደ ነው። ሁለቱም ኮቴው እስኪቆም ቀና ብለው ሰሙ።

«ያኔ ስትፈታና ስትገጥም አንተው ረስተኸው ይሆናል» አለች ውብነሽ።

ነገሩ እንደማይሆን ታውቃለች። ክፍት ባይሆን ኖሮ ያን ቀን ማሽኑ ሙቅ ውሃ ባላገኘ ነበር። ፍሰሐም ያውቃል። ፊቷን አየና ዐይኑን ሰበረ።

«ይሆናል እትዬ። እኔ ረስቼው ይሆናል። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

እጄታውን ከፍቶ፣ ማሽኑን ወደ ቦታው ገፍቶ፣ ጥፋተኛው እሱ እንደሆነ ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ውብነሽ እንጀራዋን የምትበላው በሽማግሌ እንክብካቤ ነው። ቤተስዳ ውስጥ አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት አሏት፤ ታጥባቸዋለች፣ ታጎርሳቸዋለች፣ ቀን ሙሉ አብራቸው ትውላለች። አሮጊቷ ልጃቸውን ካላወቁት ቆይተዋል። መጀመሪያ ላይ ምድጃ ይዘጉ ነበር፤ ምድጃው ሳይበራ እየዘጉ፣ እየዘጉ። ልጃቸው ያኔ ይስቅ እንደነበር ነግሯታል። ውብነሽ ለዚህ ሥራ ሥልጠና ወስዳለች፤ የመርሳት በሽታን ምልክቶች በቃሏ ታውቃቸዋለች። ሽንት የሚመጣው ስንተኛው ደረጃ ላይ እንደሆነም ታውቃለች። በሰው ቤት የምታውቀውን ሁሉ የራሷን በር ስትከፍት ውጭ ጥላው ስትገባ ኖራለች።

ከዚያ በኋላ እጄታውን ማየት ጀመረች። አንዳንድ ቀን ክፍት ነው። አንዳንድ ቀን ዝግ ነው። ዝም ብላ ትከፍተዋለች። ገብረየስን አልጠየቀችውም። ከጠየቀችው ይመልሳል፤ ከመለሰ ደግሞ የሰማችውን አልሰማሁም ማለት አትችልም።

ሥራ በሌላት ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ኩሽና ሆና ሽንኩርት ስትልጥ የቤዝመንቱ ደረጃ ሲንቋቋ ሰማች። ቢላዋውን አስቀምጣ ጫማዋን አወለቀችና ተከተለችው።

ገብረየስ የማሞቂያው ክፍል ውስጥ ነበር። የቀኝ እጁ ቀዩ እጄታ ላይ ነው። ዘጋው። ቧንቧውን በጣቱ መታ መታ አድርጎ ጆሮውን አስጠጋ፤ የሚሰማ ነገር እንዳለ ሁሉ አዳመጠ። ከዚያ ዞር ሲል አያት። ፊቱ በትሕትና ፈካ፤ ወገቡን ትንሽ ሰበር አደረገ።

«ሶሪ ማም» አላት። «ሆት ዋተር ኢዝ ኦፍ።»

ይህን አነጋገር ታውቀዋለች። ድሮ ሆቴሉ ድረስ ምሳ ስታደርስለት ከተቆጡ እንግዶች ጋር ሲነጋገርበት ሰምታዋለች። ያን ጊዜ ከጀርባቸው ሆኖ በዐይኑ ይጠቅሳት ነበር። አሁን አልጠቀሳትም።

«ገብሬ፣ እኔ ነኝ።»

«የስ ማም። ሩም ነምበር?»

ውብነሽ ልትሰጠው የምትችለው የክፍል ቁጥር የላትም። እሱ ግን መልሷን አልጠበቀም፤ በዚያው ለስላሳ እንግሊዝኛ፣ ሙቅ ውሃው የተዘጋው ሠራተኛ ውስጥ ገብቶ እየሠራ ስለሆነ መሆኑን፣ ብዙ እንደማይቆይ፣ ውሃው ሲመለስ ክፍሏ ድረስ ደውሎ እንደሚነግራት አስረዳት። ከዚያ ወደ በርሜሉ ዞሮ በአማርኛ፣ «ወልዴ፣ ዘግቼልሃለሁ፣ አይዞህ እጅህን አስገባ» አለ።

ወልደአምላክ ማለቱ ነው። ሆቴሉ ውስጥ አብሮት የሠራ፣ የትርሲትን ክርስትና አብሮ የደገሰ ጓደኛው። ከሞተ ዓመታት አልፈዋል። ውብነሽ ከባሏ ጎን ሆና የቀበረችው ሰው ነው።

ገብረየስ ክርኗን በስሱ ይዞ፣ እንደማያውቃት ሴት በአክብሮት፣ ወደ ደረጃው መራት። ውብነሽ ተመራችለት። እግሯ በካልሲ ብቻ ሲሚንቶው ላይ በረዳት። ሳሎን ሲደርሱ ክርኗን ለቀቀና ግራ ቀኝ አየ፤ የተላጠው ሽንኩርት ሸትቶት እንደሆን እንጃ፣ ፊቱ ተለወጠ።

«ውቤ፣ ሻይ የለም እንዴ?» አላት።

ሻይ አፈላችለት። ሲኒውን ሲቀበላት ጣቷን ቀዝቃዛ ሆኖ ቢያገኘው፣ «ምነው በረደሽ?» ብሎ ሹራቡን አውልቆ ሰጣት።

እሑድ ትርሲት ከአሌክሳንድሪያ መጣች። አባቷ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጋደም ሲል እናትና ልጅ መኪና ውስጥ ተቀምጠው አወሩ፤ ቤት ውስጥ እንዳይሰማ። ውብነሽ ሁሉንም ነገረቻት፤ አንሶላውንም ጭምር።

«ለዚህ ነው ሆት የፈለግሽው» አለች ትርሲት።

«አዎ።»

«ማሚ፣ ይሄ ሥራሽ ነው። ዩ ዱ ዚስ ኤቭሪ ዴይ። እንዴት አታውቂም?»

ውብነሽ የመኪናውን መስኮት አየች። «አውቅ ነበር» አለች።

ትርሲት መሪው ላይ ተደፍታ አለቀሰች፤ ውብነሽ ጀርባዋን ታሸላት ጀመር። ሐኪሙ ቆይቶ የነገራቸው እነሱ መኪና ውስጥ የተናገሩትን ነው፤ ሌላ አዲስ ነገር አልነበረውም።

እጄታውን እናውልቀው ያለችው ትርሲት ናት። ክፍት አድርገን እናውልቀው፣ መዝጋት አይችልም፣ አለቀ። ፍሰሐ መጥቶ ፈታው። ምክንያቱን አልጠየቀም፤ ውብነሽም ያን ቀን በስልክ ስላለችው ነገር ይቅርታ ልትጠይቀው ስትጀምር፣ «ተዪው እትዬ» ብሎ አቋረጣት። እሷን አንቺ ብሎ ጠርቷት አያውቅም ነበር፤ ያመለጠው ከኀዘኑ ብዛት ነው።

በማግስቱ ከሥራ ስትመለስ ገና በሩን ስትከፍት የብረት ድምፅ ሰማች። ገብረየስ ታች ነው። የእጄታው ቦታ ላይ የቀረችውን አጭር ብረት በባዶ ጣቱ ሊያዞር ይታገላል፤ የጣቶቹ ቆዳ ተገሽልጦ ቧንቧው ላይ ደም አለ። በሌላው እጁ በርሜሉን ይደበድባል።

«ወልዴ፣ ውጣ። አልዘጋ አለኝ። ትቃጠላለህ፣ ውጣ።»

ልታቅፈው ስትጠጋ ገፈተራት። ገብረየስ በሕይወቱ እጁን አንስቶባት አያውቅም። ግድግዳው ላይ ተደግፋ፣ እሱ ለሞተ ሰው ሲያለቅስ፣ የሞተ ሰው እንዳይቃጠልበት ሲያለቅስ፣ ምንም ማድረግ ሳትችል ቆመች። ጉልበቱ ደክሞት መሬት እስኪቀመጥ ድረስ እንደዚያው ቆየች። ከዚያ ለፍሰሐ ደወለችና እጄታውን መልስልኝ አለችው።

እንግዲህ የምታደርገው አንድ ነገር ብቻ ቀራት። ማጠብ ስትፈልግ ቅርጫቷን ይዛ ትወርዳለች፤ እሱንም ይዛው ትወርዳለች። እጄታው ዝግ ሆኖ ካገኘችው ራሷ አትነካውም።

«ወልደአምላክ ጨርሶ ወጥቷል። ክፈትለት ብሏል» ትለዋለች።

«አይተሽዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«እጁ ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

ያን ጊዜ ይከፍታል። አንዳንድ ቀን ማም ይላታል፣ አንዳንድ ቀን ውቤ ይላታል፤ ሁለቱንም ለመመለስ ለመደች። ያልለመደችው ውሸቱን ነው። የወልደአምላክን ነፍስ ይማር ብላ ሻማ ያበራች ሴት፣ አሁን በየሁለት ቀኑ ቤዝመንት ውስጥ ቆማ ደህና ነው፣ አይቼዋለሁ ትላለች። ለንስሐ አባቷ ልትነግር አስባ ተወችው። ምን ብላ ትጀምረዋለች።

ውሃው ሲሞላ አጠገቧ ይቆማል። ማሽኑ ውስጥ የገባው የእሱ አንሶላ እንደሆነ ያውቅ እንደሆን አታውቅም። አንዴ ብቻ፣ ክዳኑን ስትዘጋ፣ «ብዙ አለፋሁሽ» አለ በዝግታ። ቀና ብላ ብታየው ዐይኑ ማሽኑ ላይ ነው፤ ለእሷ ይበል ለእንግዳዋ ሴት ለመለየት አልቻለችም።

ክረምቱ አልፎ ዛፎቹ ማበብ ሲጀምሩ ገብረየስ ደረጃው ላይ ወደቀ። አጥንቱ አልተሰበረም፤ ከዚያ በኋላ ግን እግሩ ደረጃ ፈራ። ትርሲት የቤዝመንቱ በር ላይ መቆለፊያ አስገጠመች። ባያስገጥሙትም አይወርድም ነበር። ቀኑን ሶፋው ላይ፣ መስኮቱ አጠገብ ይውላል። ወሬው አነሰ። ውብነሽ የቤተስዳዋን አሮጊት ለሌላ ሰው ለቀቀችና ቤት ዋለች።

የመጀመሪያው ሳምንት ብቻዋን ወርዳ እጄታውን አየችው፤ ክፍት ነው። በሌላው ቀን አየችው፤ ክፍት ነው። ማሽኑ ሆት ስትለው ሆት ያጥባል፣ ዋርም ስትለው ዋርም ያጥባል፤ ማቃሰቱም ብልጭታውም ቀርቷል። አንሶላዎቹ ንጹሕ ናቸው፤ ምንም ሽታ የላቸውም። ይህን ነበር ከታኅሣሥ ጀምሮ የለመነችው። አሁን ወደ ማሞቂያው ክፍል ስትገባ አንድ ቀን እንኳ ዝግ ሆኖ ባገኘሁት ትላለች።

አንድ ከሰዓት የቆሸሸውን ቅርጫት ይዛ ፊቱ ቆመች።

«ገብሬ፣ ወልደአምላክ ወጥቷል። እጁም ደህና ነው።»

ገብረየስ ቀስ ብሎ ወደ እሷ ዞረ። ግንባሩን ቋጠር አደረገ፤ ስሙን ፈልጎ ፈልጎ ሲያጣው ታያት።

«ማነው እሱ?» አለ።

ውብነሽ ቅርጫቱን መሬት አስቀመጠች። ጓደኛህ ነው ልትል አፏን ከፈተች። ከጓደኛው ቀጥሎ ደግሞ እሷ ራሷ ማን እንደሆነች ልትነግረው ሊሆን ነው፤ ከዚያ ትርሲትን። ከየት ጀምራ የት ትጨርሰዋለች። «ማንም አይደለም» አለችው። እሱም አምኗት ወደ መስኮቱ ዞረ።

ትርሲት ለአባቷ ያገኘችው የአረጋውያን ቤት ሀያትስቪል ነው፤ ንጹሕ ነው፣ አማርኛ የምትናገር ነርስም አለች። አንድ አልጋ ስለተለቀቀ እስከ ዓርብ ንገሩን ብለዋል። ውብነሽ እስካሁን እሺም አላለች፣ እምቢም አላለች። ታች ወርዳ አንሶላውን ማሽኑ ውስጥ ከተተች፣ በረኪናውን ጨመረች፣ ሆት ላይ አደረገች። ውሃው ሲገባ እየሰማች ስልኳን ከኪሷ አውጥታ የትርሲትን ስም ፈለገች፤ ካገኘችው በኋላም ውሃው ሞልቶ እስኪያበቃ ሳትጫነው ቆመች።